የአንድ መጽሐፍን መንገድ ተከትሎ የመረጃ ሥርዓትን መረዳት፦ ለትምህርት ቤት ላይብረሪያኖችና ለሙያው ተማሪዎች

የምሠራው በአዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባለ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ተማሪዎቻችን ከፊሎቹ ከኮንዶሚኒየሙ ይመጣሉ፤ ከፊሎቹ ደግሞ ከኮዬ ፈጬና ከገላን በኩል በእግርም በታክሲም ይደርሳሉ። ሰኔ ሲገባ ሁሉም ክሊራንስ ለማስፈረም በራችን ላይ ይሰለፋሉ። አንዱ «መልሻለሁ» ይላል፣ መዝገቡ «አልመለሰም» ይላል፣ የፈረመው ሰው ደግሞ ተዛውሮ ሄዷል። የመረጃ ሥርዓት ምን ማለት እንደሆነ በቅጡ የገባኝ በዚያ ሰልፍ ፊት ቆሜ ነው። ተማሪ ሳለሁ ሥርዓት ሲባል ኮምፒዩተር ብቻ ይታየኝ ነበር።

የመረጃ ሥርዓት ማለት መጽሐፍ ሲገባ፣ ሲወጣ ወይም ሲጠፋ ማን እንደሚጽፈው፣ ምን ላይ እንደሚጽፈው፣ በኋላም ማን በምን መንገድ እንደሚያገኘው ነው። ሰው፣ አሠራር፣ መረጃና መሣሪያ አብረው ሲሄዱ ሥርዓት ይሆናሉ። ኮምፒዩተሩ ከአራቱ የመጨረሻው ነው። ስለዚህ ይህን መመሪያ ለመጀመር የሚያስፈልጋችሁ አንድ ደብተርና እስክሪብቶ ነው።

ደረጃ 1፦ አንድ መጽሐፍ ከበር እስከ መደርደሪያ ተከተሉ

አዲስ የመጣ አንድ መጽሐፍ ምረጡና ያለፈበትን ሁሉ በቅደም ተከተል ጻፉ። በመንግሥት ትምህርት ቤት መንገዱ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ይመስላል፦ መጽሐፉ ወደ ንብረት ክፍል ሲገባ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፤ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሲመጣ በሞዴል 22 ወጪ ይደረጋል። እኛ ጋ ማኅተም ይመታበትና በመመዝገቢያው መዝገብ ላይ አክሴሽን ቁጥር (የቅጂው የራሱ መመዝገቢያ ቁጥር) ያገኛል። ቀጥሎ በመደርደሪያ ላይ ቦታውን የሚያሳይ የምድብ ቁጥር ይጻፍበታል፣ ኪስና ካርድ ይለጠፍበታል፣ ይደረደራል። ከዚያ ይወጣል፣ ይመለሳል፣ ይቀደዳል፣ ይጠገናል፣ አንድ ቀንም በኮሚቴ ይወገዳል።

በእያንዳንዱ ማቆሚያ ላይ ማን ጻፈው፣ ምን ላይ ጻፈው፣ ያንን ወረቀትስ በኋላ ማን ያየዋል ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ከየማቆሚያው አጠገብ አስፍሩ። ሁለት ነገር ታገኛላችሁ። አንደኛ፣ የአንድ መጽሐፍ ርዕስ በሦስትና በአራት እጅ በተለያየ አጻጻፍ ሰፍሯል። ሁለተኛ፣ ማንም ተመልሶ የማያየው ቅጽ አለ፤ ማንም ሳይጽፈው በየቀኑ የሚፈለግ ነገርም አለ። እነዚህን በቀይ አስምሩባቸው። የሥርዓታችሁ ሕመም ያለው እዚያ ነው፣ ሶፍትዌር ብቻውን አይፈውሰውም።

ደረጃ 2፦ ከዚያ አንድ ጥያቄ ተከተሉ

ለአንድ ሳምንት ተማሪዎች የሚጠይቋችሁን ቃል በቃል ጻፉ። አታርሙት፣ ወደ ሙያ ቋንቋም አትመልሱት። «ቲቸር፣ ያ ሰማያዊው የሒሳብ መጽሐፍ አለ?» ካለ እንዲሁ ይጻፍ። «የ11ኛ ክፍል ባዮሎጂ በኦሮምኛ የተጻፈ ማብራሪያ አለ?» ካለም እንዲሁ።

በደራሲ ስም የሚጠይቅ ተማሪ ልብ ወለድ ፈላጊው ነው። ሌላው በክፍል ደረጃ፣ በትምህርት ዓይነት፣ በቋንቋና በመልክ ይጠይቃል። ይህ ዝርዝር በኋላ በካታሎጋችሁ (በመጻሕፍት መፈለጊያ ዝርዝራችሁ) ውስጥ የትኛው መስክ፣ ማለትም መረጃ የሚጻፍበት ቦታ፣ እንደሚያስፈልግ ይነግራችኋል። ከውጭ የመጣ ቅጽ የክፍል ደረጃ የሚጻፍበት ቦታ ፊት ለፊት ላያስቀምጥ ይችላል፤ ለእናንተ ግን ከአሳታሚው ስም ይልቅ እሱ ይበልጣል። በእኛ አካባቢ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞና እንግሊዝኛ በአንድ መደርደሪያ ስለሚገናኙ የቋንቋ መስክ የግድ ነው። አፋን ኦሮሞ ቁቤ በሚባለው የላቲን ፊደል ስለሚጻፍ በግዕዝ ፊደል ብቻ የሚያስብ ካታሎግ ግማሹን አንባቢ ያስቀራል።

ደረጃ 3፦ ሥራውንና ቅጂውን ለዩ

እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። 40 ቅጂ የ11ኛ ክፍል ፊዚክስ መጣላችሁ እንበል። ንብረት ክፍሉ በአንድ መስመር «ፊዚክስ 11ኛ፣ ብዛት 40» ብሎ ይጽፋል። እናንተ በመዝገባችሁ ላይ 40 መስመር ትጽፋላችሁ። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ አንዱ የሚያየው ሥራውን፣ ማለትም ደራሲው የጻፈውን አንዱን መጽሐፍ ነው፤ ሌላው በእጅ የሚያዘውን እያንዳንዱን ቅጂ።

በኮምፒዩተር ላይ እነዚህ ሁለት የተለያዩ መዝገቦች መሆን አለባቸው። ርዕሱ፣ ደራሲው፣ ዘመኑ፣ ምድቡ የሥራው ናቸው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፋሉ። አክሴሽን ቁጥር፣ ባርኮድ፣ ያለበት ሁኔታና «ወጥቷል ወይስ አለ» የሚለው የቅጂው ናቸው፤ 40 ጊዜ ይጻፋሉ። ቅጂዎቹ ከሥራው ጋር በአንድ መለያ ቁጥር ይያያዛሉ። ዳታ ቤዝ የሚባለው ነገር ዋና ሐሳቡ ይኸው ነው፦ አንድ እውነት በአንድ ቦታ ይጻፍ፣ ሌላው ወደ እሱ ያመልክት።

ከመጽሐፉ ጀርባ ያለው አይኤስቢኤን የሚባለው ዓለም አቀፍ የመጽሐፍ መለያ ቁጥር ቅጂን አይለይም፤ 40ውም አንድ ቁጥር ነው ያላቸው። ስለዚህ እሱን እንደ ባርኮድ መጠቀም አይቻልም። የራሳችሁን ባርኮድ አትሙ፣ ቁጥር ብቻ ይሁን። ባርኮድ ማንበቢያው ለኮምፒዩተሩ ልክ እንደ ኪቦርድ ነው፤ ያነበበውን ይተይበውና መግቢያ ቁልፉን ይጫናል። ባርኮዱ ውስጥ የላቲን ፊደል ካለና ኪቦርዱ በአማርኛ ላይ ከተቀመጠ ፊደሉ ወደ ግዕዝ ይለወጥና «እንዲህ ያለ ቅጂ የለም» የሚል መልስ ይመጣል። ቁጥር ብቻ ከሆነ ይህ ጣጣ የለም።

ደረጃ 4፦ ስም፣ ፊደልና ዘመን

የውጭ መማሪያዎች የማይነግሯችሁ፣ ግን የእኛን ካታሎግ የሚያቆመው ወይም የሚጥለው ይህ ደረጃ ነው።

ከስም እንጀምር። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስ ስምና የአባት ስም ነው ያለን። ሶፍትዌሩ ወይም የተማረው ሰው «የመጨረሻውን ስም አስቀድመህ ኮማ አድርግ» ካላችሁ አትስሙት። እንደዚያ ከሆነ ደራሲው በአባቱ ስም ሥር ይቀመጥና የሚፈልገው ሰው አያገኘውም። ቤተ መጻሕፍት የሚለዋወጡበት ማርክ 21 የሚባለው የመዝገብ ቅርጽ ይህን አስቦበታል፦ በፊልድ (በመስክ) 100 ላይ የመጀመሪያው አመልካች 0 ሲሆን ስሙ በራስ ስም ይጀምራል ማለት ነው፤ 1 ሲሆን በቤተሰብ ስም። ለኢትዮጵያዊ ደራሲ 0 አድርጉና ስሙን እንደሚጠራው በቀጥታ ጻፉት። አቶ፣ ዶክተር፣ ብላቴን ጌታ የመሳሰሉት ማዕረጎች ከስሙ ፊት አይገቡም፤ ለእነሱ የተለየ ንዑስ መስክ አለ። ማዕረግ ከፊት ከገባ ዶክተር የሆነ ሁሉ «ዶ» ሥር ይሰለፋል።

አሁን ወደ ፊደል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን ውሰዱ፤ በ1904 ዓ.ም. በአገራችን የሚገኙ የግእዝና የአማርኛ መጻሕፍትን ዝርዝር ያሳተሙ፣ ለእኛ ሙያ ባለውለታ የሆኑ ሰው ናቸው። ስማቸው በኅ፣ በሕ ወይም በህ ሊጀመር ይችላል። ሥላሴ በሥ ወይም በስ ይጻፋል። ወልደ ሥላሴ ተለያይቶም ተጋጥሞም ይጻፋል። ሦስት ጊዜ ሁለት ጊዜ ሁለት፣ 12 አጻጻፍ ማለት ነው። ለአንባቢ ሁሉም አንድ ሰው ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን 12 ሰዎች። ለየፊደሉ ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ ሀ ቁጥሩ 1200፣ ሐ 1210፣ ኀ 1280 ነው። ኮምፒዩተሩ ድምፁን አይሰማም፣ ቁጥሩን ነው የሚያየው። በሀለሐመ ተራ እንዲደረድር ስታዙትም አንዱን ደራሲ በሦስት ቦታ ይበትነዋል።

መፍትሔው ሁለት ደረጃ አለው። ርዕሱን በመጽሐፉ የርዕስ ገጽ ላይ እንዳለ ጻፉ፣ አታርሙት፤ እሱ የመጽሐፉ ማስረጃ ነው። ከጎኑ ደግሞ «መፈለጊያ» የሚል ተጨማሪ መስክ ክፈቱና ያንኑ ርዕስና ስም በአንድ ወጥ ፊደል ጻፉ። ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ሁሉም ሀ ይሁኑ። በካዕብ፣ በሳልስና በሌሎቹ ሆሄያት ላይ ያሉት ወንድሞቻቸውም እንዲሁ በሀ ቤት ይጻፉ። ሠ ወደ ሰ፣ ፀ ወደ ጸ ይለወጥ፤ አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ ሁሉም አ ይሁኑ። ጐ እና ጎን፣ ኰ እና ኮንም አትርሱ። በማርክ 21 ተለዋጭ ርዕስ ፊልድ 246 ላይ ይገባል፤ የደራሲው ተለዋጭ አጻጻፎች ደግሞ የደራሲን ስም ወጥ አጻጻፍ በሚይዘው የስም ማረጋገጫ መዝገብ ላይ በፊልድ 400 ይሰፍራሉ። ይህንን የወሰናችሁበትን ሕግ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ከኮምፒዩተሩ አጠገብ ለጥፉት። የሚተካችሁ ሰው የራሱን ሕግ ከጀመረ ድካማችሁ ከንቱ ይሆናል።

ፊደልን በሚመለከት ሌላ አንድ ጉዳይ አለ። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ፣ በቢሮዎቻችን ይጻፍ የነበረው የላቲን ፊደል ቁጥሮችን በግዕዝ መልክ በሚያሳዩ የቆዩ ፎንቶች ነበር። የወረሳችሁት የመጻሕፍት ዝርዝር በሌላ ኮምፒዩተር ወይም በስልክ ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅ ከሆነ ይኸው ነው ምክንያቱ። ወደ ዩኒኮድ ሳይቀየር ምንም ሥርዓት ውስጥ አታስገቡት።

ሦስተኛው ዘመን ነው። የአማርኛ መጽሐፍ ላይ «1998» ሲል ዓመተ ምሕረት ነው፤ በፈረንጆች 2005 ወይም 2006 ይሆናል። የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ላይ «1998» ሲል ግን 1998 እ.ኤ.አ. ነው። ሁለቱን በአንድ መስክ ያለ ልዩነት ከጻፋችሁ የአማርኛው መጽሐፍ በ7 ወይም በ8 ዓመት ያረጃል። ይህ የሚጎዳው ለማስወገድ ዝርዝር ስታወጡ ነው፦ «ከ20 ዓመት በላይ የሆናቸውን አሳየኝ» ስትሉ ገና ያላረጁ የአማርኛ መጻሕፍት ከሚጣሉት ጋር ተደባልቀው ይመጣሉ። ስለዚህ እንዳለ ጻፉና በማዕዘን ቅንፍ አቻውን ጨምሩ፦ 1998 [2005 ወይም 2006]። የታተመበት ወር ከታወቀ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ደምሩ፣ ከዚያ በኋላ 8። የመመለሻ ቀንም እንዲሁ ነው፤ ሥርዓቱ በፈረንጆች ቢቆጥርም ለተማሪው በወረቀቱ ላይ የምትጽፉት በእኛ አቆጣጠር ይሁን። ሰዓቱም 14፡30 ብሎ ከመዘገበ በእኛ 8፡30 ነው፤ ለአዲስ ሠራተኛ መጀመሪያ ቀን ይነገር።

ደረጃ 5፦ በ100 መጽሐፍ ሞክሩ

ገና ሶፍትዌር አትጫኑ። ከየመደርደሪያው ጥቂት ጥቂት ወስዳችሁ 100 መጽሐፍ በኤክሴል መዝግቡ፦ አንድ ገጽ ለሥራዎች፣ አንድ ገጽ ለቅጂዎች። ሦስቱም ቋንቋዎች ይኑሩበት፤ ሽፋን የሌለው፣ ደራሲው ያልታወቀ፣ ሁለት ደራሲ ያለውም ይኑርበት። ከባዶቹን አሁን ካልሞከራችሁ በ3,000ኛው መጽሐፍ ላይ ሕግ ትቀይራላችሁ፣ ያለፈውንም እንደገና ትሠራላችሁ። እኔ በመጀመሪያው ዓመቴ የዘመኑን ሕግ ሳልወስን ስለጀመርኩ ክረምቱን ሙሉ የርዕስ ገጽ እየገለጥኩ አሳልፌያለሁ።

የምድብ ቁጥር በዴዊ (መጻሕፍትን በትምህርት ዘርፍ በቁጥር በሚከፋፍለው አሠራር) ከሆነ ለእኛ ደጋግመው የሚመጡት ጥቂት ናቸው፦ የኢትዮጵያ ታሪክ 963፣ የአማርኛ ቋንቋ 492.87፣ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ 892.87። የመጨረሻው ቁጥር ሥር ብዙ ልብ ወለድ ስለሚከማች ከቁጥሩ በታች የደራሲውን የራስ ስም የመጀመሪያዎቹን ፊደላት ጨምሩ፤ እዚህም ወጥ የሆነውን ፊደል ተጠቀሙ።

ደረጃ 6፦ ሶፍትዌር

ለትንሽ ቤተ መጻሕፍት ያለ ክፍያ ከሚገኙት እኔ የምመርጠው ኮሃን ነው። በኒው ዚላንድ ሆሮፌኑዋ ለሚባል አካባቢ ቤተ መጻሕፍት በ1999 ተሠርቶ በ2000 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ፤ ስሙ በማኦሪ ቋንቋ ስጦታ ማለት ነው። ሊኑክስ በሚባለው፣ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒዩተርን በሚያንቀሳቅስ ሥርዓት ላይ ይሠራል፣ በአሳሽ (ብራውዘር) በኩል ይከፈታል። አንድ መለስተኛ ኮምፒዩተር ሰርቨር (መረጃው የሚቀመጥበት ዋና ኮምፒዩተር) ሆኖ፣ ሌሎቹ በኬብልና ኬብሎቹን በሚያገናኝ አንድ ስዊች ቢገናኙ ኢንተርኔት ሳይኖርም ይሠራል። ይህንን አጽንዖት ሰጥቼ የምናገረው «ኔትወርክ የለንም» ተብሎ ሥራው ሲቀር ስላየሁ ነው። የክፍሉ ውስጥ ኔትወርክና ኢንተርኔት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ለሚጭንላችሁ ባለሙያ አንድ ነገር አስረግጣችሁ ንገሩት፦ ዜብራ በሚባለው የፍለጋ ክፍል ላይ የተለያዩ ቋንቋዎችን የዩኒኮድ ፊደላት የሚያስተናግደው፣ አይሲዩ የተባለው አማራጭ ይብራ። ያ ካልበራ የአማርኛ ፍለጋ እንደሚገባው አይሠራም። በዚያው አማራጭ ውስጥ ሐ እና ኀን ወደ ሀ የሚመልስ ሕግ መጨመርም ይቻላል፤ ያኔ የ«መፈለጊያ» መስካችሁን ሸክም በከፊል ማሽኑ ይረከባል።

ኮሃ ዜድ 39.50 በሚባል ስምምነት ከሌሎች ቤተ መጻሕፍት የተዘጋጀ መዝገብ ያወርዳል። ለእንግሊዝኛ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ ይቆጥባል፤ አይኤስቢኤኑን አስገብቶ መዝገቡን መሳብ ነው። ለአማርኛ መጻሕፍት ግን ተጠንቀቁ። ብዙዎቹ በዚያ ካሉ እንኳ ርዕሱና ስሙ የተጻፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ በአማርኛ የሚተይብ ተማሪ አያገኛቸውም። በእጃችሁ ብትመዘግቧቸው ይሻላል።

ደረጃ 7፦ መብራት ሲጠፋ

እዚህ አካባቢ መብራት ይጠፋል፤ ሥርዓቱ ይህን አውቆ ይሠራ። መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል የሚሰጠው ዩፒኤስ ለሰርቨሩ ብቻ ሳይሆን ለስዊቹም ያስፈልጋል። ሰርቨሩ በርቶ ስዊቹ ከጠፋ ጠረጴዛችሁ ላይ ያለው ኮምፒዩተር ምንም አያይም። ሰዓት፣ የተማሪ መለያ፣ ባርኮድ፣ «ወጣ» ወይም «ገባ» የሚሉ አራት ዓምዶች ያሉት ወረቀት ሁልጊዜ በመሳቢያ ውስጥ ይኑር። መብራት ሲመለስ በዚያው ቀን፣ በወረቀቱ ቅደም ተከተል ይግባ። ማን እንደሚያስገባው በስም ይመደብ፤ «ማንም» ከተባለ ማንም አያስገባም።

ኮሃ በመደበኛ አጫጫኑ በየቀኑ ራሱ መጠባበቂያ ያወጣል፤ ነገር ግን የሚያስቀምጠው እዚያው ሰርቨር ላይ ነው። ሰርቨሩ ቢቃጠል አብሮ ይሄዳል። በየሳምንቱ ዓርብ ወደ ውጫዊ ዲስክ ቅዱና ዲስኩ ከቤተ መጻሕፍቱ ውጭ ይደር። ፍላሽን እንደ ብቸኛ መጠባበቂያ አትቁጠሩት፤ ትምህርት ቤት ውስጥ ያለ ፍላሽ ከኮምፒዩተር ኮምፒዩተር ሲዞር ቫይረስ ይዞ ይመጣል። በሴሚስተር አንድ ጊዜ ደግሞ መጠባበቂያውን በሌላ ኮምፒዩተር ላይ መልሳችሁ ክፈቱት። ተከፍቶ ያልታየ መጠባበቂያ እንዳለ አይቆጠርም።

ደረጃ 8፦ የተማሪው መረጃ

ስም፣ የክፍል ደረጃ፣ የተማሪ መለያ ቁጥርና የወላጅ ስልክ ይበቃል። ሃይማኖት፣ ብሔር፣ የቤት ቁጥር አያስፈልጋችሁም፤ ቅጹ ላይ ካለም አውጡት። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ለሥራው ከሚያስፈልገው በላይ አለመሰብሰብ ከመሠረታዊ ሐሳቦቹ አንዱ ነው። ማን ምን እንዳነበበ ለሌላ ተማሪም ሆነ ለመምህር አይነገርም። ስለ ሥነ ተዋልዶ ጤና መጽሐፍ የተዋሰች ልጅ ስሟ በክፍል ውስጥ ከተነሳ ዳግመኛ አትመጣም፣ ጓደኞቿም አይመጡም።

ለሙያው ተማሪዎች

ለአፓረንትሺፕ (ለሥራ ላይ ልምምድ) ስትወጡ ባርኮድ እንድትለጥፉ ብቻ ከተሰጣችሁ ለጥፉ፤ ግን ደረጃ 1ና 2ን በጎን ሥሩ። በክፍል የተማራችሁት ሁሉ ቦታውን የሚያገኘው ያኔ ነው። የመረጃ ፍሰት ሥዕል ሲባል የተከተላችሁት መጽሐፍ መንገድ ነው። ሜታዳታ ሲባል ያ «ሰማያዊው የሒሳብ መጽሐፍ» የሚፈለግበት መረጃ ነው። ደብሊን ኮር የሚባለው ቀላል የመዝገብ ቅርጽ 15 መስኮች ብቻ ያሉት ለምን እንደሆነ፣ ማርክ ለምን ያን ያህል ዝርዝር እንደሆነ የሚገባችሁ 100 መጽሐፍ በሁለቱም ስትመዘግቡ ነው። ዘመናችሁን ሙሉ ካታሎገር ባትሆኑም ይህን የእጅ ሥራ አትዝለሉት።

ደረጃ 9፦ ፈትኑት

በደረጃ 2 የጻፋችኋቸውን የሳምንት ጥያቄዎች አውጡ። ሥርዓቱን የማያውቅ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ጥሩና ከኮምፒዩተሩ ፊት አስቀምጡ። ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ስጡት፣ አትርዱት፣ ከኋላው ቁሙና የሚተይበውን ጻፉ። ያገኘውን ወደ መደርደሪያው ሄዶ ያምጣ፤ ማያ ገጹ ላይ አግኝቶ መደርደሪያው ላይ ካጣው ችግሩ የምድብ ቁጥሩ ወይም አደራደሩ ላይ ነው። ማያ ገጹ ላይ ካጣው የተየበውን ቃል ከመዝገባችሁ ጋር አስተያዩ፦ ፊደሉ ከሆነ ወደ «መፈለጊያ» መስኩ ሂዱ፣ ቃሉ ራሱ ከሌለ ያንን ቃል በርዕሰ ጉዳይ መስክ ላይ ጨምሩ። ከዚያ ሌላ ተማሪ ጥሩ፤ ይህኛው ከተቻለ በአፋን ኦሮሞ የሚፈልግ ይሁን።